ቀስቷ ወዴት ነው የምታመለክተው?

ዓርብ ከሰዓት ነው... ደርግ ጊዜ፣ አዋሳ። ሐይቅ ዳር ባለው የቡና ጥናት ቢሮአችን ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ ታደለ ሳያንኳኳ ገባ። እሱ ሲገባ እኔ ምንም ሳላጠፋ ጥፋቴን መፈለግ እጀምራለሁ።

«ሰኞ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ሁሉ አሳዪኝ» አለኝ።

ፈረንጆች የሰጡን፣ ዩኒክስ በሚሉት ነገር የሚሠራ ማሽን ነው። አዋቂው ባልደረባዬ ማቴዎስ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለመስክ ሥራ ዲላ ወርዷል። እኔ የምችለው እሱ ያሳየኝን ብቻ ነው። «ኤል ኤስ» ብዬ ጻፍኩ፤ የፋይሎቹ ስም በአረንጓዴ ፊደል ተደረደረ።

ጓድ ታደለ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። «ይህን ክፈቺ። እሺ... አሁን ደግሞ ይህን።»

ከፈትኩለት። «ቡና» የሚለውም «ዳታ» የሚለውም ውስጣቸው አንድ ነው፤ ያው የቡና በሽታ ጥናታችን።

«ሁለት ቦታ መቀመጡ ቀድሞ ተነግሮኛል። ሁለተኛው ቅጂ ለማን ነው የተዘጋጀው?»

ወይኔ ጉዴ! ማቴዎስ ጴንጤ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በዓይነ ቁራኛ ነው የሚጠበቀው። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። የመንግሥት ጥናት ገልብጦ ለውጭ ሰው ሊሰጥ ነበር ከተባለ አለቀለት።

ድንገት ማቴዎስ ሁሌ የሚለኝ ትዝ አለኝ... «ግራ ሲገባሽ በረጅሙ ጠይቂው።» ያንኑ ኤል ኤስ፣ ሰረዝና አንዲት ኤል ጨምሬ ጻፍኩ። አሁን ስሞቹ ከነዝርዝራቸው መጡ። «ዳታ» ከሚለው ቀጥሎ ትንሽ ቀስት... ከቀስቷ ቀጥሎ «ቡና»።

«ጓድ፣ ይመልከቱ! ቅጂ አይደለም፤ ወደ ቡና የሚያመለክት ስም ብቻ ነው። መንገድ ላይ ‹ወደ ሐይቁ› የሚል ታፔላ የለም? እንደሱ ነው። ታፔላው ውስጥ ውሃ የለም!»

ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ አየ። «እንግዲያው አጥፊው። ታፔላ ከሆነ ሐይቁ አይደርቅም አይደል?»

ከተሳሳትኩ የስንት ዓመት ልፋት ጠፋ ማለት ነው፤ ስሙም አሻጥር ነው። ያኔ ማቴዎስ ብቻውን እስር ቤት አይገባም። ማጥፊያውን «አር ኤም» ጽፌ «ዳታ» አልኩ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በስመ አብ ብዬ ማስገቢያ ቁልፉን ተጫንኩት።

ማሽኑ ምንም አላለም።

«ምን አለ?»

«ምንም።»

«ለምን ዝም ይላል?»

«ሲሳካለት ዝም ነው የሚለው ጓድ... ጸባዩ ነው።»

«እንዲህ ያለ ዝምታ አልወድም» አለ ላቡን እየጠረገ። የሐይቁ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንኳኩ ሁለታችንም ደነገጥን።

«ቡና»ን ከፈትኩ። ሁሉም አለ! አንዲት ፊደል አልጎደለችም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ልክ ነሽ» አለ ጓድ ታደለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሪፖርቱ ግን ዛሬ ጠዋት ሄዷል።»

«የምን ሪፖርት?»

«ስለ ማቴዎስ የጻፍኩት።»

«ታዲያ ተሳስቼ ነበር ብለው ይጻፉላቸዋ!»

«ጻፍኩ እንበል... እኔንስ ማን ያድነኛል?» ብሎኝ ወጣ። ለካ እሱም እንደኔ ፈሪ ኖሯል። በዚያች ቀን ግን አላዘንኩለትም።

ማቴዎስን ከዲላ ሲመለስ መናኸሪያው ላይ ጠብቀው ወሰዱት። ከእስር የወጣው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ሚስቱ ያለ እሱ ወልዳለች፣ እሱም ኮቱ ሰፍቶታል። ቢሮ የገባ ዕለት እንኳ ወግ ሳይዝ ቀጥታ ማሽኑ ጋ ተቀመጠ።

«አስቴር፣ ቀስቷን ምን በላት? ፕሮግራሜ ጥናቱን የሚያገኘው በሷ በኩል ነበር እኮ።»

«አንተን ለማዳን ነው ያጠፋኋት!» ብዬ ልቅሶዬን ለቀቅኩት።

«እኔንም አላዳንሽ፣ ፕሮግራሜንም ገደልሽው» አለና ሳቀ... እሱ ይስቃል፣ እኔ አለቅሳለሁ። ከዚያ አንዲት መስመር ጽፎ ቀስቷን መለሳት።

ማሽኑ እንደ ልማዱ ዝም አለ... ያን ጊዜ ነው እኔም ከዚያ ዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዬን ትንፋሽ የተነፈስኩት።