ቶላን «ያዝ!» ያልከው ሰው፣ ሻማህን አጥፋ

ዛሬ ጠዋት «ቶላ አረፈ» ብለው ሲደውሉልኝ «የቱ ቶላ?» አልኩ። ትናንት ሆስፒታል እጄን ጨበጥ አድርጎኝ ነበርና የእኛው ቶላ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አሁንም አልተዋጠልኝም።

ለማታውቁት፣ ቶላ እዚሁ ቡራዩ ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ ነው። ጂማችን ውስጥ ያለውን ብረት በሙሉ የበየደው እሱ ነው። ለክብደት ሲሚንቶ የሞላንባቸውን የቀለም ቆርቆሮዎች ሳይቀር።

ዓምና ደም ግፊት አለብህ ሲሉት «በቃ ስፖርት ቀረብኝ» ብሎ አዝኖ ነበር። ሐኪሟ ግን «ማን ተው አለህ? ቀለል ያለ ክብደት አንሳ፣ ስትገፋ ትንፋሽህን አውጣ፣ ኪኒንህን እንዳታቋርጥ። ለልብህም ለደም ስርህም ጥሩ ነው» አለችው። እንዳለችው አደረገ፣ ግፊቱም ወረደለት።

እኔ ከአቅሜ በላይ ላነሳ ስጣደፍ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኝ ነበር፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። «ልብ ቢሰበር አይበየድም፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ያ አሰልጣኝ ነኝ ባይ መጣ። የቅዳሜ ውድድር የሚባል ነገር አመጣብን። ከባዱን ብረት ተሸክሞ፣ ትንፋሹን ሳይለቅ ብዙ የቆየ ያሸንፋል። ቶላ «ሐኪሜ ትንፋሽ አትያዝ ብላኛለች» ሲለው ሰው ፊት ሳቀበት። «የሐኪም ስፖርት ለአሮጊት ነው! ኪኒኑም ጉልበትህን ነው የሚበላው፣ ተወው» አለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬ አልሰማንም የምትሉም ሰምታችኋል።

ባለፈው ቅዳሜ ቶላ እልህ ያዘውና ገባ። ፊቱ ቀላ፣ የአንገቱ ደም ስር ተገታተረ። ሰውዬው «ያዝ! ያዝ!» ይላል። ብረቱ ወደቀ፣ ቶላም አብሮ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን።

ዛሬ ያ ሰው የቶላን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ሞት ወንድሜን ነጠቀኝ» ይላል።

አጥፋው ያንን ሻማ! ለቅሶ ቤት አትምጣ አልልህም፣ ና። እናቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ እጠብቅሃለሁ። «ኪኒኑን ተወው» ያልከውን እሳቸው ፊት ትደግማታለህ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደግሞ ጂሙ በር ላይ ነኝ። የሚገባውን ሁሉ እያስቆምኩ ቶላ እንዴት እንደሞተ እነግረዋለሁ። ለባዶ አዳራሽ «ያዝ» እያልክ ትኖራታለህ። ይቅር በለው የምትሉኝ፣ ዛሬ አትምጡብኝ።

ቶላዬ፣ አንድ ነገር ግን ከእኔው ስማ። ያን ቀን «ያዝ!» ሲባል እኔም አብሬ ጮኼያለሁ። ዓይንህ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። «ሱታ» ብልህ ኖሮ ብረቱን ትጥለው ነበር፣ አውቅሃለሁ። አላልኩህም። በሩ ላይ ስቆም ይህንንም እነግራቸዋለሁ።

ሂድ እንግዲህ ወንድሜ። ከእንግዲህ ማንም ያዝ አይልህም። ሱታ፣ ቶላ። ነጋቲ፣ ደህና ሁን።