ቬርና ስታምፐር ከባዱን መረጠች

ቬርና ስታምፐር በኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለች ትንሽ ከተማ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። የሙሽራ ቀሚስ በልክ ትሰፋለች፣ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ሱሪ ትጥፋለች። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ ብቻዋን መኖሩንም ጠልታው አታውቅም።

ነገር የመጣባት ከጎረቤት ነው። ለስተር የሚባለው ጎረቤቷ በመጋቢት ወር አንድ ቀትር ላይ ሚስቱን ክሪስታን ደጅ ድረስ ጎትቶ ሲደበድባት፣ ቬርና በሱቋ መስኮት አየችው። የጨርቅ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ መሃላቸው ገባች። ፖሊስም ጠራች። ክሪስታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ለስተር ታስሮ በዋስ ተፈታ። በተፈታ በሦስተኛው ቀን የቬርና በር ላይ ቆመ።

"ፍርድ ቤት ቀርበሽ አፍሽን ብትከፍቺ፣ ይህ ሱቅ ከነነፍስሽ ይነዳል" አላት።

ፖሊሱ ቃሏን ጻፈላት፤ ደጅዋ ላይ የሚያቆመው ሰው ግን እንደሌለው ነገራት። ወንድሟ ሆሊስ ከኦሃዮ ደወለ።

"እቃሽን ሸክፊና እኔ ጋ ነይ። በሰው ትዳር ምን አገባሽ?"

"ደጄ ላይ ያመጣው እሱ ነው። እኔ ከመስኮቴ ዞር አልልም።"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"ነገ ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ።"

ሰኞ ዕለት ግን ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ወደ ዶይል የመሣሪያ መደብር ጎራ አለች። የዶይልን የሠርግ ሱፍ የሰፋችው እሷ ነበረች። ዶይል በመጀመሪያ ባለ ካዝና ሽጉጥ ሰጣት። ማቀባበል አቃታት፤ ጣቶቿን ቁርጥማት ከያዛቸው ቆይቷል።

"እንግዲያው ለእርስዎ የሚሆነው ጥይት መጉረሻው የሚሽከረከረው ሪቮልቨር ነው" አለ ዶይል፣ "ማቀባበል የለበትም፤ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው።" አንዲት ሮዝ እጀታ ያላት፣ አምስት ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ መዳፏ ላይ አኖረላት። "ሴቶቹ ሁሉ የሚወስዱት ይህችን ነው። ከመቅለሏ የተነሳ ኪሳቸው ውስጥ መኖሯን ይረሱታል።"

"የምረሳውን ነገር ለምን እሸከማለሁ፣ ዶይል?"

ከመደብሩ ጀርባ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ወጥተው ሞከረቻት። የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ መዳፏን መታት፤ ሁለተኛው አውራ ጣቷን አደነዘዘው። ሦስተኛውን ሳትተኩስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት።

"ይህች የምትመታው እኔን ነው" አለች።

ዶይል ሁለመናው ከብረት የተሠራውን ሌላ ሪቮልቨር አመጣላት። ይከብዳል፤ ስለሚከብድም ሲተኮስ ከእጅ አያፈተልክም። አምስቱንም ተኮሰችበት። ከዚያ ቀለሃዎቹን አራግፋ ሽጉጡን ካፖርት ኪሷ ውስጥ ከተተችውና መዘዝ አደረገችው። ከኋላው ቀና ብሎ የወጣው መምቻ ገበሩን ይዞ ቀረ።

"ይህ ብረት የማይወጣበት የለህም?"

"አለ፤ መምቻው ውስጥ የተደበቀ። ማን ነገረዎት?"

"አርባ ዓመት ኪስ ሰፍቻለሁ።"

መምቻው የተደበቀውን አውጥቶ ሰጣት። ሁለት ሦስቴ ከኪሷ መዘዘችው፤ ምንም አልያዘውም። ምላጩ ጠጣር ስለሆነ በጣቷ ጫፍ ሳይሆን በመገጣጠሚያዋ ሳበችው። አምስቱም ጥይት የዒላማው ወረቀት ላይ አረፉ።

ዶይል ግን አሁንም ዓይኑ ሮዟ ላይ ነበር። "ወይዘሮ ቬርና፣ ያኛው እኮ ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ሊውሉ ነው?"

"ሟቹ ባሌ ከዚህ ይከብድ ነበር። እሱንም ችዬዋለሁ።"

ከባዱን ገዝታ፣ በዚያው ሳምንት የመሣሪያ መያዣ ፈቃዱን ትምህርት ጨረሰች። የካፖርቷን ኪስ ፈታ በወፍራም ሸራ እንደገና ሰፋችው፤ ሽጉጡም ከነማኅደሩ ልክ ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዶይል ጋ ሄዳ ትተኩሳለች። ገበያም ስትወጣ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋም ካፖርቱ አይለያትም። ለስተር በጭነት መኪናው በሱቋ ፊት አዝግሞ ባለፈ ቁጥር፣ ቬርና ስፌቷን አቁማ እስኪያልፍ ድረስ ፊት ለፊት ታየዋለች።

የችሎቱ ቀን መጣ። ፍርድ ቤት መሣሪያ አይገባም። ቬርና ሽጉጧን መኪናዋ ውስጥ ቆልፋበት፣ ኪሷ ባዶ ሆኖ ወደ ደረጃው አመራች። ለስተር ከሁለት ዘመዶቹ ጋር ደረጃው ላይ ቆሟል። እርምጃዋን አልቀነሰችም።

"እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ አሮጊት" አላት።

"አሥር ዓመቱ ነው። ቁርጥማት ይባላል። አፌን ግን አልያዘኝም።"

በመሃላቸው አልፋ ገባች። ያየችውን ሁሉ፣ ክሪስታ ለብሳ የነበረውን ሹራብ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ተናገረች። የለስተር ጠበቃ ተነሳ።

"ሽጉጥ መግዛትዎ እውነት ነው? ደንበኛዬን ምን ያህል ቢጠሉት ነው?"

"ገዝቻለሁ። በእሳት አነድሻለሁ ብሎኝ ካልገዛሁ መቼ ልገዛ ነው?"

ዳኛው ጠበቃውን እንዲቀመጥ ነገሩት። ለስተር አራት ዓመት ተፈረደበት። ክሪስታም በበጋው ተመልሳ፣ ከቬርና ጎን በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች።

ሆሊስ ደግሞ ደወለ።

"እንግዲህ አለቀ። አሁንስ ትሸጪዋለሽ?"

"ሽጉጡን ነው ሱቁን?"

"ሁለቱንም።"

"አንዱንም አልሸጥም" አለችውና ስልኩን ዘጋች፤ ልብስ ልትለካ የመጣች ሙሽራ ቆማ ትጠብቃት ነበር።