የአሮጌው ትራክተር ሦስት ክንዶች

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ይይዛል» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአውቶቡስ ጋራዥ በያጅ ሆኖ ሲሠራ፣ በርም ይሁን መቀመጫ፣ የጭስ ማውጫም ይሁን የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ በይዶ በጨረሰ ቁጥር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና ብረቱን በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ «ይይዛል!» ይላል። ደግሞም ይይዛል። እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይሄ ሰው የበየደው ነገር ለቀቀ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ችግሩ ወዲህ ነው፤ መለካት አይወድም። «ዓይኔ ሜትር ነው» ይላል። በዚያ ዓይን ተለክቶ ስንት የአውቶቡስ በር አልዘጋ ብሎ እንደገና እንደተቆረጠ ጋራዡ ይቁጠረው።

ጡረታ የወጣ ጊዜ ቤቱ ጠበበው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል የእሷ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ ጨርቁ በየወንበሩ ላይ፣ ደንበኞቿ በር ላይ። እሱ የት ይቀመጥ? በመጀመሪያው ሳምንት የማይጮኸውን በር ዘይት አጠጣው። በሁለተኛው ሳምንት የልብስ መስቀያዋን ላጠናክር ብሎ ከመስኮቱ ብረት ጋር በየደውና መስኮቱ አልከፈት አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ቆማ ወገቧን ስታስለካ ከጓዳ ብቅ ብሎ «እንደ እኔ እንደ እኔ ትንሽ ሰፋ ቢል» አለ። ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ።

ሚስቱ መርፌዎቹን ከከንፈሯ አወጣችና «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ» አለችው።

ሥራ ሲጠፋ የሚሄድበት አንድ ቦታ ነበረው፤ ታላቅ እህቱ ዘንድ። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ ሲጀምር፣ ከመጨረሻው ሱቅ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ማሳ። አባታቸው የተወላቸው ነው። እናታቸው የሞተች ጊዜ እሱ አምስት ዓመቱ ነበር፣ እህቱ አሥራ ሁለት። ፊቱን ያጠበችው፣ ማንበብ ያስተማረችው፣ ሲያጠፋ ጆሮውን የጠመዘዘችው እሷ ናት። ዛሬም ገና ከበር ሲገባ «ከስተሃል»፣ «ሸሚዝህ ተቆልፏል እንዴ ይሄ?»፣ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ ያጉረመርማል። ሲያጉረመርም ደስ እያለው ነው።

በግቢዋ ጥግ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ የአባታቸው ትራክተር አለ። በዕድሜ ከጋሽ ይይዛል ይበልጣል፣ ከእህቱ ያንሳል። ድሮ ቀይ ነበር አሉ። የምትነዳው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው ሲነካው አይነሳም፤ አኩርፎ ነው ይላሉ። ታዲያ በዚያ ዓመት ከኋላው የሚጎትተው አሮጌ ማረሻ ወገቡ ተሰበረ። ብረቱ ከውስጥ በዝጎ ስላለቀ ብየዳ እንኳ የሚይዝበት ቦታ አልነበረውም። ጎረቤቷ ገበሬ ደግ ሰው ነውና «እኔ ጋ የተቀመጠ አዲስ ማረሻ አለ፣ ውሰጂው» አላት። አዲሱ ማረሻ ግን ጎማ የለውም። አይጎተትም፤ ይንጠለጠላል። ከታች ሁለት ክንድ ግራና ቀኙን ይይዙታል፣ ከላይ አንድ ክንድ እንዳይደፋ ይደግፈዋል። የዛሬ ትራክተሮች እነዚህን ሦስት ክንዶች ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። የአባታቸው ከኋላው ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ይይዛል ሲደርስ እህቱ በር ላይ ተቀምጣ ዕቃ በካርቶን ታደርግ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው እታለም?»

«ልጄ ጋ ልገባ ነው» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ክፍል አዘጋጅታልኛለች፤ አምስተኛ ፎቅ። ዝናቡ ደርሷል፣ ማሳው አልታረሰም። ምን እሠራለሁ እዚህ? መሬቱን አከራያለሁ። ቆራሌውንም ቅዳሜ ና ብዬዋለሁ፣ ያን ብረት ጭኖልኝ ይሄዳል።»

ልጅቷ የምትኖርበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጋሽ ይይዛል «አትሂጂ» ሊላት ፈለገ። አፉ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«ሦስቱን ክንድ እኔ እሠራልሻለሁ! እስከ ቅዳሜ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእሱ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ግን እስከ ዛሬ ያመልጠዋል። ትራክተር ነክቶ አያውቅማ!

እህቱ ካርቶኑን አስቀመጠች። «አንተ? እስከ ቅዳሜ?»

«እኔ!»

«እሺ። ከሠራህ አርሳለሁ፣ እቀመጣለሁም። ካልሠራህ እሄዳለሁ። ደግሞ በኋላ እንዲህ እንዲያ የለም፣ ቃል ቃል ነው።»

ማክሰኞ ጋራዥ ሄዶ የድሮ ባልደረቦቹን ለመነ፣ ቀለደ፣ ተቆጣ፤ ከተጣለ አውቶቡስ ሻንሲ የተቆረጠ ወፍራም ብረትና አንድ ትልቅ የአውቶቡስ ክሪክ ይዞ ተመለሰ። ክሪኩ ከመቀመጫው አጠገብ ይቆማል። የሚነዳው ሰው እጀታውን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ ክሪኩ ክንዶቹን ያነሳል፣ ክንዶቹ ማረሻውን። እንዲህ አድርጎ በሐሳቡ ጨረሰው። ማታ እራት ላይ ሚስቱ «ለመሆኑ ሦስተኛው ክንድ ምን ያደርጋል? ሁለቱ ከያዙት አይበቃም?» ብላ ጠየቀችው።

«አንቺ የስፌት መኪናሽን ስታነሺ እንዴት ነው የምትይዢው? ሁለት እጅሽ ከሥር፣ ደረትሽ ከላይ። ደረትሽን ብታሸሺ ይደፋብሻል። ሦስተኛው ክንድ ማለት ደረትሽ ነው።»

«ደረቴን እንግዲህ ትራክተር ላይ እንዳትሰቅለው» አለችው፣ ሾርባዋን እየጠጣች።

ረቡዕ ክንዶቹ የሚገቡባቸውን መያዣዎች ከትራክተሩ ጀርባ አሰረ። የተጣበቀውን ቡሎን ሁሉ በዘይትና በእርግማን ፈታ። ሐሙስ ወደ ክንዶቹ መጣ፤ እዚህ ላይ ጉድ ተሠራ። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አላመነም። የእህቱ ነገር ነውና ፈራ። ከጋራዥ ዘመኑ የቀረውን የብረት ሜትር ከኪሱ አወጣ፣ ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ለካ፣ ቆረጠ፣ ጫፎቹን በየደ፣ የቀኙን ክንድ ትራክተሩ ላይ ገጠመ። እሰይ! ቀጥሎ ለግራው ብረቱን ሞርሳ ላይ አስሮ ሊያስተካክለው ሲፈጭ፣ ሜትሩ ከሥሩ ተዘርግቶ ኖሯል፤ ግራይንደሩ ለሁለት ከፈለው። ሁለተኛ ሜትር አልነበረውም። እየሮጠ ቤት ሄደ፣ የሚስቱን የጨርቅ ሜትር ከመስቀያው ላይ መንትፎ ተመለሰ፣ ሰማንያ ሁለት ላይ ምልክት አድርጎ ቆረጠ፣ በየደ፣ ገጠመ። ሜትሩንም ሳትነቃበት መልሶ ሰቀለው። ዓርብ የላይኛውንም ክንድ ሠርቶ ሦስቱንም ቀይ ቀባቸው። ኳ ኳ አደረገና «ይይዛል!» አለ፣ ለብቻው።

ቅዳሜ ጠዋት ያ ጎረቤት ገበሬ ማረሻውን አምጥቶ አራግፎ ሄደ። ቆራሌውም መኪናውን አቁሞ፣ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆመ። ደንዳና፣ ሳቂታ ሰው ነው። እህቱ በር ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ካርቶኖቹ ከኋላዋ ተደርድረዋል። ጋሽ ይይዛል ማረሻውን አንጠለጠለ፣ መቀመጫው ላይ ወጣ፣ የክሪኩን እጀታ ይሠራው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… በአሥረኛው ማረሻው ከመሬት ተነሳ።

«ኧረ ተነሳ!» አለ ቆራሌው፤ የሚጭነው ብረት መሆኑን ረስቶ አጨበጨበ።

ተነሳ፣ ግን ዞሮ ተነሳ። እንዳኮረፈ ሰው አንድ ትከሻውን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ። ጋሽ ይይዛል «ሲሠራ ይስተካከላል» አለ፤ እህቱ ቁልፉን አዙራ አስነሳችለትና ማሳው ውስጥ ገባ። አሥር ሜትር አልሄደም። ማረሻው ወደ ጎን ይጎትታል፣ ትራክተሩ ወደ ሌላ ይሳባል፣ ትልሙ የሰካራም መንገድ ሆነ። ወርዶ ዞሮ ዞሮ አየው። ብየዳው ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ይዟል። ሁሉም ይዞ ጠማማ ነው። ኩም አለ።

«ጋሼ፣ አይዘኑ» አለው ቆራሌው። «እኔ እንደሆንኩ ጠማማውንም ቀጥ ያለውንም እኩል ነው የምጭነው።»

እህቱ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። «በቃ፣ ሞክረሃል። እጅህ ይባረክ። ቃል ግን ቃል ነው» አለችና ወደ ቆራሌው ዞር ብላ «ጫነው» አለችው።

ቆራሌው ሰንሰለቱን ዘረጋ። ጋሽ ይይዛል በሰንሰለቱና በትራክተሩ መካከል ገብቶ ቆመ።

«አይጫንም!»

«አንተ ሰው፣ ልጅ አትሁን! ለአንድ አሮጌ ብረት?»

«ብረቱ ገደል ይግባ!» አለ። «መሬቱም ገደል ይግባ። አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ይቆጣኛል? ስልሳ አራት ዓመቴ ነው እታለም። የእናታችንን መልክ አላስታውሰውም፣ ስንቴ ሞከርኩ፣ አይመጣልኝም። እናት ሲባል የሚታየኝ ያንቺ ፊት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመትሽ እኔን አዝለሽ ውሃ ትቀጂ ነበር። አሁን አምስተኛ ፎቅ ልትወጪ ነው። እኔስ? እኔ ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ?»

ቆራሌው ሰንሰለቱን እንደያዘ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

በዚህ መሃል ሚስቱ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በዘንቢል ይዛ ከበሩ ገባች። ሰዎቹን አላየቻቸውም፤ ማረሻውን ነው ያየችው። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ዓይን ሌላ ምን ያያል?

«የዚህ ነገር እጅጌው እኩል አይደለም» አለች።

«ምን እጅጌ! ሁለቱም ሰማንያ ሁለት ነው፣ ራሴ ለክቼዋለሁ!»

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አውርዳ ቀኙን ለካች። «ሰማንያ አምስት።» ግራውን ለካች። «ሰማንያ ሁለት።» ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። «በምንድን ነው የለካኸው?»

«ቀኙን በእኔ ሜትር። ግራውን…» ራሱን አሻሸ። «በዚያ ባንቺው።»

«ሦስቱን ጨመርክ?»

ጋሽ ይይዛል ግንባሩን በመዳፉ መታ። ለካ የሚስቱ ሜትር ጫፉ ተበልቶ የመጀመሪያው ሦስት ሳንቲ ሜትር ከተቆረጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው! ከሦስት ነው የሚጀምረው። ሰማንያ ሁለት ሲል ሰባ ዘጠኝ ማለቱ ነው። እሷ ሳታስበው ትጨምራለች። ለእሱም መጋረጃ ባስለካችው ቁጥር «ሦስት ጨምር፣ እንዳትረሳ» ስትለው ነው የኖረችው። ዕድሜ ልኩን አልለካም ያለ ሰው፣ ለካ በተባለ ቀን ይሄ ይግጠመው!

መጀመሪያ የሳቀችው እህቱ ናት። ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ የመጠለያውን ምሰሶ ይዛ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ሦስቱን… ሦስቱን ጨመርክ?» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። ቆራሌውም ሰንሰለቱን ጥሎ ሳቀ። ጋሽ ይይዛል መሳቅም ማልቀስም አምሮት ሁለቱንም ባንዴ አደረጋቸው።

እህቱ ዓይኗን ጠርጋ ጨረሰችና ቆራሌውን «አንተ ሥራ ፈት፣ ምን ቆመሃል? ና ይሄን ማረሻ ደግፍልን!» አለችው። ሰውየው የሚጭነውን ዕቃ ሊያስተካክል እጅጌውን ሰበሰበ፤ እንዲህ ያለ ቆራሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለት ሰዓት ፈጀ። የግራው ክንድ ወለቀ፣ ተቆረጠ፣ መሃሉ ላይ ብረት ተጨምሮ ግራና ቀኙን በወፍራም ላሜራ ታሸገ። ሚስቱ ለካች፣ እህቱ አየች፣ ቆራሌው ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ በያጁን ሜትሩን የሚያስነካው አልነበረም። ማረሻው ሲነሳ ቀጥ ብሎ ተነሳ።

ጋሽ ይይዛል እግሩን ወደ መቀመጫው ሲያነሳ እህቱ «ወዲያ በል» አለችው። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ክሪኩን በሁለት እጇ አወረደችው፣ ማርሽ አስገባች፣ አሮጌው ሞተር ጭሱን ተፍቶ ሄደ። አፈሩ እርጥብና ጥቁር ሆኖ ይገለበጥ ጀመር። ወንድሟ ከኋላ ከኋላዋ፣ ትልሙ ውስጥ፣ ዓይኑን ከክንዶቹ ሳይነቅል ተከተላት።

ማሳው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ስልኳን ከደረቷ አወጣች። ሞተሩ ስለሚጮህ እየጮኸች ነው የምታወራው።

«ልጄ! ያን ክፍል ለልጆቹ ስጪያቸው… የለም፣ አላመመኝም… ኧረ ማንም አላስቀየመኝም! ለመጠየቅ እመጣለሁ፣ ለመኖር ግን አልመጣም። በቃ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ደህና ዋይ።»

ስልኩን መለሰችና ወደ ኋላ ዞረች። ወንድሟ በትልሙ መሃል ቆሞ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል።

«አንተ!» አለችው። «ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ከፊቴ ያለው ድንጋይ አይታይህም? ማረሻውን ልሰብርልህ ነው? ደግሞ ኮፍያህስ የታለ፣ በዚህ ፀሐይ!»

ጋሽ ይይዛል ስልሳ አራት ዓመቱን ተሸክሞ ሮጠ። «እሺ እታለም! አነሳሁት፣ አነሳሁት!» ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ አቅፎት ወደ ማሳው ዳር ሲሄድ እህቱ «ቀስ በል፣ ወገብህን!» ብላ ጮኸችበት።