ዜሮን በእጄ ነካሁት

ከአዋሽ የተነሣሁት ሲመሽ ነው። ሾፌሮቹ የአፋርን በረሃ ጎማው ሳይግል ለማለፍ ቀን ተኝተው ማታ ይነዳሉ። ያሳፈረኝ ተሳቢ ባዶውን ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርድ ነበር። ሾፌሩ ጥላሁን ይባላል፣ ተጫዋች ጎልማሳ ነው። የቅየሳ መሣሪያዬን ከነሣጥኑ ታቅፌ ጋቢና ስገባ አየኝና ሣቀ።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ሰው ከጅቡቲ ይመለሳል እንጂ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል እንዴ?»

«የምትነዳበትን መንገድ የቀየስኩት እኔ ነኝ። ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት።

ሙሉውን አልቀየስኩትም። አንድ ድልድይና ሁለት ኩርባ ግን የእኔ ናቸው፤ ስናልፋቸው በጣቴ አሳየሁት። ስልሳ ሦስት ዓመት ስኖር ከአገር ወጥቼ አላውቅም ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ፈርቼ ነበር።

ለምን ወጣህ ትሉኛላችሁ። እኔ አስፋው ቀያሹ፣ ደብረ ብርሃን የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ስታፍ ተሸካሚ ሆኜ ጀመርኩ፤ ስታፍ ማለት ቁጥር የተጻፈበት ረጅም መለኪያ ነው። መሣሪያውን ማንም አላስተማረኝም። መሐንዲሶቹ ምሳ ሲሄዱ እኔ በመነጽሩ እያየሁ ተማርኩ፤ ሒሳቡን ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ብቻዬን ፈታሁት። በኋላ መሐንዲሶቹ ራሳቸው «አስፋው፣ እስቲ ይህን እይልን» ይሉኝ ጀመር። አሁን ግን ግንባታው ሁሉ በየቦታው ቆመ፤ ብረቱ ሰማይ ላይ ዝጎ ቀረ። ለአንድ ቦታ ስንሰለፍ ከፊቴም ከኋላዬም ያሉት ዲግሪ የያዙ ልጆች ነበሩ፣ እነሱም አላገኙም። ጅቡቲ አንድ ኮንትራክተር ቀያሽ ይፈልጋል ሲባል ሁለት ቀን አላሰብኩም።

ኮንትራክተሩ ሙሴ ዋይስ ይባላል። የጅቡቲ ሰው ነው፣ ግን ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ጥሩ ነው። ድሬዎች ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ በመጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ ለመድኩት። የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ጸሐፊው ቀና ሳይል «ዲፕሎም?» አለ።

«አርባ ዓመት ሠርቷል በልልኝ» አልኩት ዋይስን።

በፈረንሳይኛ ብዙ ተነጋገሩ።

«ምን አለ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ዲፕሎም ካላገኘ፣ ትምህርት የማይገባው ሰው ነው ይላል።»

ሁለቱም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፣ ምን ላድርግ። በመጨረሻ ዋይስ ዋስ ሆኖ ፈረመና የፈቃድ ካርቴ ላይ «ጂኦሜትር» ብለው ጻፉልኝ፤ ቀያሽ ማለት ነው። ያቺን ካርት ስተኛም ከደረቴ አልለያትም። ዋይስ እጁን ካነሣ ካርቷ የለችም፤ ካርቷ ከሌለች ደግሞ መንገድ ላይ ይዘው ወደ ድንበር ይመልሱኛል። ከቤቴ ስወጣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ የምሻገረው ለዚህ ነው።

ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የኑሮውን ነገር አታንሡት። ውሃው ጨው ጨው ስለሚል ሻዩ ስኳር ቢጨመርበትም ሾርባ ሾርባ ይላል። ዳቦው እንደ ዱላ ረጅም ነው፣ እሱ ግን ጥሩ ነው። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው ምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠብሱታል፤ ከእኛ አገር የጾም ወጥ ጋር ባይወዳደርም ይበላል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሣ ግን የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ያ ስሰድበው የኖርኩት ብርድ፣ እንደ ዘመድ ይናፍቀኛል።

ሥራው ባሕሩ አጠገብ የሚሠራ ቪላ ነበር። ከኋላው ሦስት ትንንሽ ክፍሎች አሉት፣ ለቤት ሠራተኞች። እዚህ የቤት ሠራተኛን ቦየስ ይሏታል፤ አብዛኞቹ የእኛ አገር ልጆች ናቸው። ዋይስ «የቪላው ወለል ከባሕር ሁለት ሜትር ይበልጥ፣ የኋላው አንድ ሜትር ተኩል ይበቃዋል» አለኝ። በአቅራቢያው የቁመት መነሻ የሚሆን የመንግሥት ምልክት አላገኘንም።

«ምልክት ለምኔ ነው? ባሕሩ ይኸው!» አልኩት።

ልብ በሉልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ከባሕር ወለል በላይ ይህን ያህል ሜትር» እያልኩ ስጽፍ ኖርኩ፤ ያንን ባሕር ግን አይቼው አላውቅም። አሁን ዜሮው ራሱ እግሬ ሥር ነበር። በማለዳ ወርጄ ጎንበስ አልኩና በእጄ ነካሁት። ስታፉን የሚይዝልኝ ሁመድ፣ አሳይታ ኖሮ አማርኛ የለመደ የአፋር ሰው፣ ድሮ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ ውሃው ጫፍ ያለች ድንጋይ ላይ አቆመው። አነበብኩ። ከዚያ ቁመቱን ወደ ግቢው አመጣሁና ችካሎቼን መታሁ። «ሁመድ፣ እኔን የሚያርም ሰው ገና አልተወለደም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ውሃው አልተጠጋሁም። ያን ያህል ውሃ ዳርቻ ሳይኖረው ማየት ያስፈራኛል፤ ግቢውም በግንብ ስለታጠረ አይታይም። አፈሩ ተሞላ፣ ብረቱ ታሰረ፣ ኮንክሪቱ ሐሙስ ጠዋት ሊፈስ ተቀጠረ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ለወይንሸት ዜሮን በፎቶ ላሳያት ብዬ ብቻዬን ወረድኩ።

ድንጋይዋ የለችም። ስታፉ የቆመበት ቦታ ላይ ሰው ቢቆም ውሃው ደረቱ ድረስ ይሆናል።

«ሁመድ! ሁመድ! ባሕሩ ሞላ! ጎርፍ ነው?»

ዕቃ ሲያስገባ የነበረው ሁመድ ሮጦ መጣና ውሃውን አየ፣ እኔንም አየ። «የምን ጎርፍ? ማሬ ነው ጋሼ። በቀን ሁለቴ ይወጣል፣ ሁለቴ ይወርዳል።»

«ሁልጊዜ?»

«አያቴ ሳይወለድ ጀምሮ።»

«እስከዚህ ብቻ ነው የሚወጣው?»

«ጨረቃ ስትሞላ እዚያ ይደርሳል» ብሎ ከግንቡ ውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ጨው ያነጣውን መስመር አሳየኝ።

ወንዝ ስቀይስ የመጀመሪያ ሥራዬ «ክረምት ውሃው የት ይደርሳል?» ብሎ የአገሩን ሽማግሌ መጠየቅ ነበር። እዚህ የአገሩ ሰው ስታፍ ይዞልኝ ቆሞ ሳለ አልጠየቅኩትም።

«ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ዜሮ ይህ ነው አልክ። እናንተ የተማራችሁት የራሳችሁ ዜሮ ያላችሁ መሰለኝ። ደግሞ የሚያርመኝ ሰው አልተወለደም ብለሃል። እኔ ደግሞ የተወለድኩ ሰው ነኝ፤ ዝም አልኩ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሣሪያውን ተክለን የጨውን መስመር ለካን። ከእኔ ዜሮ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሆነ። የቪላው ወለል አሥር ሳንቲ ከሥሩ ነው። የቤት ሠራተኞቹ ክፍል ስድሳ። ፍራሻቸውን መሬት ላይ አንጥፈው የሚተኙ ልጆች ናቸው። ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቴም ያው ነው።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሁመድ ብቻ። ብናገር ደግሞ ዋይስ እጁን ያነሣል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከእስር መኪና ላይ እየተገፋሁ ድንበር ላይ ስወርድ ታየኝ። ካርቷን እየዳበስኩ ነጋ።

ሐሙስ ጠዋት የኮንክሪቱ መኪና በርሜሉ እየዞረ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ሙሴ ዋይስ፣ አቁመው። ወለሉ ዝቅ ብሏል። ጨረቃ ስትሞላ ውሃ ይገባል።»

«ባሕር መሙላቱን አታውቅም? አንተ ጂኦሜትር ነኝ ብለህ?»

«በእኛ አገር ዜሮ አይነቃነቅም» አልኩት።

ረጅም ጊዜ ሰደበኝ፣ በሦስት ቋንቋ። ከዚያ ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰዓቱን አየና «ቪላው ይቆይ፣ ከፍ እናደርገዋለን። የኋላውን አፍስሱ። ለቦየስ ነው፣ ዕቃቸውን ይሰቅላሉ» አለ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የኋላው ክፍል ብረት ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ችካሎቼን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ የመሠረቱ ግንብ ላይ በጠመኔ ያደረግኩትን ቀይ ምልክት በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩ።

«ቁመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሰርዤዋለሁ። ከፈለግክ በዓይንህ ለክተህ አፍስስ።»

ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። ሁመድ መጥቶ ከእጄ ችካሎቹን ተቀበለኝና እሱም አጠገቤ ቆመ። ዋይስ ብዙ አየኝ። ከዚያ መኪናውን በእጁ ምልክት መለሰው።

«እሑድ ጠዋት ና» አለኝ። «ካርትህን ይዘህ ና።»

ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። እዚህ ሳምንቱ የሚጀምረው እሑድ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ዓርብ ነው፤ ገና ሁለት ቀን አለ።

ዛሬ ጠዋት ወይንሸት ደወለች።

«ባሕሩ እንዴት ነው? ሥራውስ?»

«ወይንሸት፣ ተሳሳትኩ» አልኳት።

ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም።

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም። ቁመት ነው የተሳሳትኩት።»

«ትኩሳት ነው። በረሃው ነው፣ አውቄዋለሁ። ውሃ ጠጣህ?» ድምጿ ሲለወጥ ይሰማኛል። «አስፋው፣ አጠገብህ ያለውን ሰው ስልኩን ስጠው። ሰው ያነጋግረኝ።»

ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁት። ማራገቢያው ይዞራል። ሰው የለም ማለት አቃተኝ። «እሺ፣ ይኸው ልስጥልሽ» አልኳትና ስልኩን ወደ ባዶው ክፍል ዘርግቼ እንደያዝኩ ቆምኩ።