እድሩን በሙሉ የገደለው ኒቆዲሞስ

ኒቆዲሞስን ቀርቦ የማያውቀው ሰው ሊቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ለዓመታት አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ አብሬው ስለተቀመጥኩ አልታለልም። ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር አስተማሪ ሲያጣ፣ ላፕቶፕ ስላለው ብቻ ቦታው ለሱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ አንገቱ ከከረቫት፣ አፉ ከ«ፕሮግራሚንግ» ተለይቶ አያውቅም።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ፈላና በር አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ታላቅ ልጃቸው ወታደር ነበር፤ መሞቱን የሰሙት በስልክ ነው። አሁንም ስልካቸው ሲጮህ አማትበው ነው የሚያነሡት። የቀራቸው ኒቆዲሞስ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እዚሁ አቦከር ሰፈር ቤት ተከራይቶ እየኖረ እናቱን የሚጠይቀው ለዓመት በዓል ነው። ሥራ በዝቶበት ነው አሉ! ሥራውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ፕሮግራሚንግ ለመማር ቪዲዮ ማየት ነው።

በዚሁ ቪዲዮ ክላስና ኦብጀክት የሚባለው ትምህርት ላይ ደረሰ። አልገባውም። አልገባኝም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው።

«ስማ ወንድወሰን» አለኝ አንድ ቀን፣ በትርፍ ጊዜዬ ፕሮግራሚንግ እንደምሞክር ስለሚያውቅ፣ «ለተማሪዎቼ ቀለል አድርጌ ላስረዳቸው ብዬ ነው እንጂ፣ አንተ ብትሆን እንዴት ትለዋለህ?»

«ጀጎል ግንብ ውስጥ ስፌት የምትሰፋውን ዋፊቃን ታውቃታለህ? በሐሳቧ የያዘችው ንድፍ ክላስ ነው። በዚያ ንድፍ የሰፋችው እያንዳንዱ ሙዳይ ደግሞ ኦብጀክት። ንድፉ አንድ ነው፤ ግን አንዱ ሙዳይ ቢቀደድ ሌላው አይቀደድም። ስለዚህ የየሙዳዩን ነገር ንድፉ ላይ እንዳትጽፍ...»

«አቦ፣ እሱንማ አውቃለሁ!» ብሎ ሳልጨርስ ስልኩን ማየት ጀመረ። ይቺ «አውቃለሁ» ናት የምታቃጥለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ስብሰባ ላይ ብድግ አለ። «በዚህ ዘመን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል እንዴ? እኔ በሠራሁት ፕሮግራም የሟቹ ስም ለእድርተኛው ሁሉ በስልክ መልእክት ይድረስ» አለ። ሰብሳቢያችን አቶ በቀለ መረቁት፤ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡለት። እኔ መጀመሪያ ይሞከር ብዬ ምቀኛ ተባልኩ።

ፕሮግራሙን በኋላ አየሁት። «እድርተኛ» የሚል ክላስ ጽፏል፤ ደግ። ከሱ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ኦብጀክት ሠርቷል፤ ይሄም ደግ። ሰውዬው በሕይወት ይኑር ይሙት የሚለውን ግን የጻፈው ክላሱ ላይ ነው። አንዱን ሞተ ካልከው ሁሉም ሞተ ማለት ነው። አንዴ ቢሞክረው ያየው ነበር። ለምን አልሞከርከውም ሲባል ምን ቢል ጥሩ ነው? በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ሟርት ነው! ከረቫት አሥሮ ኮምፒውተር የሚያስተምር ሰው ሟርት ፈራ። ይባስ ብሎ የራሱን ስም ከሰብሳቢውም ከሽማግሌዎቹም አስቀድሞ አንደኛ አድርጎ መዝግቦታል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእንደሱ ዓይነቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእድራችን አባል ጡረተኛው አቶ ለገሠ አረፉ፤ ኒቆዲሞስም ሞታቸውን ፕሮግራሙ ላይ አስገባ። የእድርተኛው ስልክ ማቃጨል ጀመረ። የመጀመሪያው መልእክት «አባላችን አቶ ኒቆዲሞስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ይላል። ቀጥሎ አቶ በቀለ ሞቱ። ቀጥሎ እኔ ሞትኩ። የራሴን መርዶ አንብቤ ከት ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ወይዘሮ ዘነበች ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውም እድርተኛ ናቸው። ብደውል ብደውል አያነሡም። ወደዚያ መሄዳቸው አይቀርም ብዬ ወደ ልጃቸው ቤት ሮጥኩ።

በሩ ላይ ተገናኘን። ከፈላና በር አቦከር ድረስ በባዶ እግራቸው መጥተዋል፤ ከመጀመሪያው መልእክት ሌላ አላነበቡም። «ሬሳውን አሳዩኝ! ልጄን አሳዩኝ!» ይላሉ። የሞቱት አቶ ለገሠ ናቸው፣ ልጅዎ ደህና ነው ብላቸው አልሰማ አሉኝ። በሩን ከፈትኩላቸው። ልጃቸው ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ቁልፉን ይቀጠቅጣል። እንዳዩት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አለህ? አለህልኝ ልጄ?»

ሰው የሆነ ሰው ተነሥቶ እግራቸው ላይ በወደቀ ነበር። ይሄ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ እጁን ወደ ኋላ አወናጨፈ።

«እማዬ፣ አንዴ ዝም በይ፤ ስህተቱን አገኘሁት! ክላሱ ላይ ጽፌው ነው!»

ወይዘሮ ዘነበች ጀርባውን አዩት። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ አነሣኋቸው።

«ና ወንድወሰን፣ አቶ ለገሠ ቤት አድርሰኝ» አሉኝ። «ሚስትየዋን ላስተዛዝናት። እሷ እንኳ ስገባ ቀና ብላ ታየኛለች።»

ክንዳቸውን ይዤ ወጣን።