ሁለቱም ጆሮ ይታይ

ግራ ገብቶኛል ወዳጆቼ። ጋሽ ሰይድ ወደ አኼራ ሄዱ ይሉኛል። የቆቦው ፎቶ አንሺ፣ ጋሽ ሰይድ። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት የላክሁላቸው መልእክት ተነቧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከሰዓት ጓሯቸው ውስጥ ያገኟትን አንዲት ባለ ክንፍ ፍጥረት አንስተው ላኩልኝ። ክንፏ ከመሳሳቱ የተነሳ ከኋላዋ ያለውን ቅጠል ያሳያል። የውሃ ተርብ ናት፣ አይደለችም ካልህ እንጣላለን አሉኝ።

ዛሬ እዚህ ዋጃ ሱቄን ከፍቼ ምስሉን አስፍቼ ሳየው ቀንዶቿ ወፍራም ናቸው፣ ጫፋቸው ቆልመም ያለ። የውሃ ተርብ ቀንድ እንደ ፀጉር ነው፣ ለዓይን አይሞላም። "ተሸነፉ ጋሽዬ። ይቺ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ሠርታ ጉንዳን የምትጠብቀው ትል ናት፤ አድጋ ክንፍ አውጥታ" ብዬ ላክሁ።

ትንሽ ቆይቶ ወንድማቸው ደወለና ሌሊቱን አረፉ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ባይ መልእክቴ ታይቷል። መልሼ ደወልሁና ኧረ አንብበውታል፣ ግባና እያቸው አልሁት። ሰውዬው ቤተሰቡን ጠየቀልኝ። ለካ ልጃቸው ዘሃራ ናት፤ መርዶ የሚነገረው ሰው ቁጥር ፍለጋ ስልካቸውን ከፍታ። ይኸው ይህንን አውቄም፣ መልስ ይጽፉልኛል ብዬ ስልኬን አያለሁ። ምን ይባላል ይሄ?

የተዋወቅነው ለመታወቂያ ፎቶ ልነሳ የሄድሁ ቀን ነው። አገጬን ቀና አድርገው "ሁለቱም ጆሮ ይታይ" አሉኝ። ለሁሉም የሚሉት ነው፣ ቆቦ ውስጥ ያልተባለ የለም። ከዚያ ካሜራውን ወደ ትከሻዬ አዞሩት። ለካ ኮሌታዬ ላይ ቢራቢሮ አርፋ ኖሯል።

"አንተ ቆይ፤ አንተ የትም አትሄድ። እሷ ናት ሂያጅ።"

ተራ የሚጠብቀው ሰው እያጉረመረመ እሷን አንስተው ጨረሱ። መታወቂያዬ ላይ ፊቴ ሳቅ ሳቅ የሚለው ለዚያ ነው።

ሁሉም ሰው በስልኩ መነሳት ሲጀምር ስቱዲዮው ቀዘቀዘ። እሳቸው የስቱዲዮውን ነጭ ጨርቅ ወስደው ጓሮ፣ ከሎሚው ዛፍ ኋላ ለቢራቢሮና ለተርብ ሰቀሉት። ሕጉ ያው ነው፦ ሁለቱም ቀንድ ያልታየበት ፎቶ አይቆጠርም፣ ስምም አይወጣለትም።

አንዴማ ነጫጭ ቢራቢሮ በመንጋ ሲያልፍ፣ ካሜራቸውን ይዘው ሰማይ ሰማዩን እያዩ ወደ ማሽላው ሮጡ። የራያ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንበጣ ካየ ወዲህ፣ ሰማይ እያየ የሚሮጥ ሰው ካየ ምን ሆንህ ብሎ አይጠይቅም። ሰፈሩ በሙሉ ሳህንና ጀሪካን እየደበደበ፣ እያፏጨ ወጣ። ቢራቢሮው ብትንትን አለ። ሊናደዱ ቃጥቷቸው ነበር፤ ማሽላው መሃል ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አሁን ዘሃራ ለሩቅ ዘመድ የምትልከው የአባቷ ፎቶ ካለህ አለችኝ። ስልካቸውን ብትፈትሽ ቢራቢሮ። ካሜራውን ብትከፍት ቢራቢሮ። የቆቦን ሰው ሁሉ ሲያነሱ ኖረው እሳቸውን ያነሳ የለም። እኔ ጋ ያለችው ይቺ የለጠፍኋት ብቻ ናት፤ ሎሚው ሥር አጎንብሰው፣ ካሜራው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖት። የተሻለ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ለልጅቷ እንድናደርስላት ላኩልኝ።

ጋሽዬ፣ ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው ብለውኝ ዋጃ ላይ መኪና እየጠበቅሁ ነው። ጓሮውን አልፌ ስገባ ማን ሊቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም። የሞቱ ሰው ላይ ተሸነፉ ብዬ መጻፌም እየከነከነኝ ነው፤ ግን እውነቴን ነው፣ ቀንዷን ይዩት።

ፎቶዎን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሚታየው። በእርስዎ ሕግ ይሄ አይቆጠርም፤ እኔም አልቆጠርሁትም።

አላህ ጀነቱን ይወፍቅዎ። ደህና ይሁኑ ጋሽዬ። ግን አንዴ ብቻ ቀና ይበሉልኝ፤ ሁለቱም ጆሮ ይታይ።