ለድሬ ያልነው ልብስ

በሩ ሲንኳኳ ሻንጣዬን ዘግቼ ጨርሼ ነበር። ገና አልነጋም። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ከለቡ የሚነሳው ጠዋት ቢሆንም ቀድሞ መድረስ ግድ ነውና ለባብሼ፣ ጸሎቴን አድርሼ የቀጠርኩትን ታክሲ እጠብቃለሁ። ስከፍት የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ በሰው ተሞልቷል። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እትዬ አሉ፤ ምድር ቤት ያለችው የድሬ ልጅ ጎረቤቴ አለች፤ የእድራችን ዳኛ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል፤ ከሁሉም ኋላ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም።

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። «ምነው! ለእኔ መሸኛ ይህ ሁሉ ሰው? ሻንጣዋ እኮ አንድ ናት!»

ማንም አልሳቀም። የእድሩ ዳኛ እጃቸውን ዘርግተው ሻንጣውን ተቀበሉኝ። ሊያግዙኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አልኩ። እሳቸው ግን ወደ ደረጃው አልዞሩም። ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡና ግድግዳ አስጠግተው አስቀመጡት። የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አንድም ቃል ሳይነገረኝ፣ ሻንጣው ወደ ቤት ሲመለስ። እትዬ «ልጄ፣ በይ ቁጭ በይ» ሲሉኝ መቀመጤን አላስታውስም። ወንድሙን ዞሬ አየሁት። አቀርቅሮ «ጋሼ…» አለና ቀረ።

በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። ባለ ሐዘኑ ሌሊቱን እንዲተኛ፣ ሲያለቅስም ከጎኑ ሰው እንዲኖር የታሰበ ደግነት ነው። የእኔም መንገድ ጎህ ሲቀድ ነበርና ሁለቱ አንድ በር ላይ ተገናኙ። መርዶዬን የሰማሁት ለባሌ ልታይበት ያሰብኩትን ልብስ ለብሼ ነው።

ያን ልብስ እስክመርጥ ስንት ተጨንቄ ነበር!

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር። ለአንድ ፋብሪካ መስመር ሊዘረጋ ድሬዳዋ ከወረደ ወራት አልፈዋል። ስንጋባ ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። እናቱ ታመው ስለነበር በሠርጋችን ማግስት እሳቸውን ስናስታምም ዋልን፤ ከዚያም ሕይወት ነው፣ ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ሄዱ። ልጅም እግዜር ባወቀ አልሰጠንም። ስለዚህ በዚህ ዓመት «ሥራው እያለቀ ነው፤ አንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ነይና ሰው እንደሚሆነው እንሁን» ብሎ ሲደውልልኝ፣ በሙሽርነቴ ያላፈርኩትን እፍረት ያን ቀን አፈርኩ።

«ምን ልልበስ?» ነበር ከአፌ የወጣው።

«ምንም» አለና ሳቀ።

«እፈር!»

«ኧረ የሙቀቱን ነው የምልሽ! እዚህ ሰው ሽርጥ አገልድሞ ባንክ ይገባል። ስንት መጋዘን ያለው ነጋዴ በነጠላ ጫማ ነው የሚንሸራሸረው። ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም አቦ ነው። አንቺ ያን ጥቁር ቀሚስሽን ለብሰሽ ነጠላሽን ተከናንበሽ ከባቡር ብትወርጂ፣ 'አቦ፣ ማን ሞተባት?' ብለው ለቅሶ ሊደርሱሽ ይከተሉሻል።»

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ አለፍ ብሎ፣ የጠዋት ውሃ ጣት በሚያደነዝዝበት አገር ነው። አዲስ አበባ ገብቼ ጀሞ ከኖርኩም ወዲህ ከፉሪ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አገሬን አላስረሳኝም። ልብስ ማለት ለእኔ የሚሞቅና የሚሸፍን ነው። ባል ደስ እንዲለው ተብሎ የሚመረጥ ልብስ ምን እንደሚመስል የማውቀው አልነበረም።

የድሬዋ ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ሽቅብ በሩጫ መጣች። ሻንጣዬን ከፍታ ያጠፍኩትን ሁሉ ታወጣው ጀመር።

«አቦ ምንድነው ይሄ? ሱፍ? እዚያ ሱፍ ለብሰሽ ከወረድሽ ባልሽ ተቀቅለሽ ነው የሚያገኝሽ!» ጥቁር ቀሚሴን ሁለት ጫፉን ይዛ እንደ አይጥ አንጠለጠለችውና ወንበር ላይ ጣለችው። «ጥቁር ፀሐይ ይጠራል፤ እሱን ተዪው።» ከዚያ ቤቷ ወርዳ ድሪያ አመጣችልኝ፤ የድሬ ሴቶች ቤትም ደጅም የሚለብሱት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰፊ ስስ ቀሚስ። ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ አበባ አለበት። ለበስኩት። ሁሉን ይሸፍናል፤ ግን ብርሃን ያልፍበታል።

እትዬ በራቸውን ከፍተው አዩኝና «እንዴ! ይኼ የወባ አጎበር አይደለም?» አሉ።

«ከስሩ ጉርድ ይለበሳል እኮ እትዬ!» ጮኸች ጎረቤቴ።

«ቢለበስም አጎበር ነው። ግን…» አሉና መነጽራቸውን አስተካክለው አዙረው አዩኝ፣ «ያምርባታል።»

ልቤ ስላላረፈ የሚቀጥለው እሑድ ብስራተ ገብርኤል ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አባ፣ እጅጌው አጠር ይላል። ጨርቁም ስስ ነው።»

እሳቸው ጠየቁኝ፦ «ማን ጋ ነው የምትሄጂው?»

«ባለቤቴ ጋ።»

«ታዲያ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? ከውስጥ ደርቢበት፤ ጸሎትሽን አትተዪ፤ ውሃ ጠጪ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው።»

ባለቤቴም የራሱ የልብስ ጣጣ ነበረበት። ወጣት ሳለ ሥራ ላይ ኤሌክትሪክ አቃጥሎት ቀኝ ክንዱ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጠባሳ ነው። ሰው ባየው ቁጥር «ምን ነካህ?» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ መታዘንን አይወድም። ከዚያ ወዲህ እጅጌውን ሰብስቦ አያውቅም። ዕቃ ሊያጥብልኝ ሲቆም እንኳ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ይርሳል እንጂ አይጠቀልለውም። ያን ክንድ በቀን ብርሃን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድሬም በዚያ ሙቀት ቁልፉን እስከ አንጓው ቆልፎ እንደሚውል የሥራ ጓደኛው እየሳቀ ነግሮኛል።

ለፋሲካ መጥቶ ሲመለስ ጀሞ ሚካኤል ካለ ቡቲክ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ገዝቼ ሳይነቃ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩለት። የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ቁልፎቹ ነጭ። እንደደረሰ ደወለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሸሚዝ።»

«እጅጌው የታለ?»

«ጀሞ ቀረ።»

ሻንጣውን ሲዘጋ ሰማሁት። ተቀየመ ብዬ ደነገጥኩ። «ማንም ማንንም አያይም ያልከው አንተ ነህ» አልኩት ቀስ ብዬ። «እኔ አጎበር ልለብስልህ አይደል?»

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ በድሪያሽ ከባቡር ውረጂ፤ እኔ በዚህ ሸሚዝ ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ። ቃልሽን ካፈረስሽ ግን ወዮልሽ፤ ኮትና ከረቫት አድርጌ ነው ከተማውን የማዞርሽ።»

በዚህ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ስልክ ባወራን ቁጥር መዝጊያችን ይኸው ሆነ። «አጎበሩ ደህና ነው?» ይለኛል። «እጅጌው በቀለ?» እለዋለሁ።

የምሄደው ሰኞ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደወለልኝ። እሱም ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነው። «ፀጉሬን ልስተካከል ነው፤ ነገ እንግዳ አለብኝ» አለ። ሳቅሁ። ሌላ ምንም አልተባባልንም። ከሰዓት በኋላ ስደውል አያነሳም። ድሬ ከሰዓት በኋላ ይተኛል ሲሉኝ ሰምቻለሁና ተኝቷል አልኩ።

አመሻሽ ላይ ሁለቱ ጎረቤቶቼ አብረው መጡ። አብረው መምጣታቸው አልገረመኝም፤ ሊሰናበቱኝ ነው። ልብሴን አልጋው ላይ ዘርግቼ «በሉ ፍረዱኝ፤ ድሪያውን ከአሁኑ ለብሼው ልሳፈር ወይስ ስደርስ ልቀይር?» አልኳቸው። ሌላ ቀን ቤቱን በሳቅ የምትሞላው የድሬዋ ልጅ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች ትዘረጋለች። እትዬ ናቸው ወደ መስኮቱ እያዩ «ደስ እንዳለሽ አድርጊ፣ ልጄ» ያሉኝ።

ቆይታ ተነሳች። ያን በራሷ እጅ አውጥታ የጣለችውን ጥቁር ቀሚስ ከተሰቀለበት አውርዳ፣ ቀስ ብላ አጠፈችና ሻንጣዬ ውስጥ ከሁሉ በላይ አደረገችው።

«አንቺ! ጥቁር ፀሐይ ይጠራል አላልሽም?»

«ማታ ማታ… ይነፍሳል» አለች። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ጉንፋን ይዞሻል፤ እኔ አላውቅሽም?» ብዬ ዝንጅብል ሻይ አፈላሁላት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ስልኩ አሁንም እንደማይነሳ ስነግራቸው «መብራት ጠፍቶበት ይሆናል» አለችኝ። አመንኳት።

ያን ጊዜ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ወንድሙ ለእድሩ ዳኛ ደውሎ፣ ዳኛው ለእነሱ ነግረው፣ ሳልጠረጥር እንዳድር ሊጠብቁኝ ነው የመጡት። ሰዎች «አልተቀየምሻቸውም?» ይሉኛል። በምን ልቀየማቸው? የእኔ ቤተሰብ የጎጃሙ መንገድ አስተማማኝ ስላልነበር ሊደርስልኝ አልቻለም፤ እናቴ በስልክ ነው ያለቀሰችልኝ። ወድቄ ያነሱኝ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ጠዋት ሻንጣው ሲከፈት ጥቁሩ ቀሚስ ከላይ ነበር፤ ማንም መበርበር አላስፈለገውም። ድሪያውን ሳያወልቁ ከላይ አጠለቁልኝ፤ ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው አከናነቡኝ። እስከ ሠልስቱ እንደዚያው ነበርኩ። ያ ሁሉ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ ከጥቁሩ ስር ውሃ ሰማያዊውን እንደለበስኩ የሚያውቁ እኔና እነሱ ብቻ ነን።

እሱን በመኪና አመጡት። የዚያኑ ቀን ተቀበረ። ልየው ስል «እንደነበረ በልብሽ ያዢው፣ እህቴ» ብለው ሳጥኑን አልከፈቱልኝም።

ከሠልስቱ በኋላ የሥራ ጓደኛው ሻንጣውን ይዞልኝ መጣ። አንድ በአንድ አወጣሁ። ሸሚዞቹ ሁሉ አሉ፤ ሁሉም ረጅም እጅጌ፣ ሁሉም እንደ ልማዱ የተተኮሱ። አረንጓዴው የለም። በአንድ ፌስታል ውስጥ ግን የእሱ ያልሆነ ነገር አገኘሁ፤ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው፣ ከመታጠብ ብዛት የሳሳ የወንድ ሽርጥ።

«ይሄ የማነው?»

ጓደኛው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ከዚራ ሰፈር፣ ፀጉር ቤቱ አጠገብ፣ ዛፍ ስር ነው የወደቀው። ልቡ ነው አሉ። በስልኩ ደውለው ጠርተውኝ ስደርስ አንድ ሰው በሽርጡ ሸፍኖታል። ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሰው ብዙ ነበር። ሽርጡም ከእሱ ጋር መጣና እኔ ጋ ቀረ።»

«ከሽርጡ ስር ምን ለብሶ ነበር?»

«እህቴ…» አለ። «መግለጥ አቃተኝ።»

የለበሰው ልብስ የት እንደቀረ የነገረኝ የለም። ምናልባት አረንጓዴውን ለልብስ አጣቢ ሰጥቶት ሳይወስደው ቀርቶ ይሆናል። ምናልባት ላለመልበስ ወስኖ ለሰው ሰጥቶታል፤ ቢሰጠውም አላዝንበትም። ግን ሌላም ነገር አስባለሁ። ባሌን አውቀዋለሁ። አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ባዶ እጁን ሄዶ የሚያይ ሰው ነው። ነገ በእኔ ፊት እንዳያፍር፣ ያን ክንድ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሊያለማምደው ይዞት ወጥቶ ቢሆንስ? ከስንት ዓመት በኋላ ነፋስ ነክቶት፣ ፀሐይ ነክቶት፣ ሰው አይቶት ምንም ሳይለው በከተማው መሐል አልፎ ቢሆንስ? በጸሎቴ ለነፍሱ ዕረፍት እለምናለሁ፤ ይህንን ደግሞ ከጸሎቴ በኋላ፣ ነጠላዬን ሳጥፍ አስበዋለሁ። የሞተ ሰው ምን ለበሰ አልለበሰ ምን ይረባል ትሉኝ ይሆናል። ለእኔ ይረባል። እኔ ቃሌን ጠብቄ ለብሼ ነበርና።

በዚያ እሑድ ከዚራ ዛፍ ስር የነበራችሁ፣ ያነሳችሁት፣ ውሃ ያቀመሳችሁት፣ ስልኩን ፈልጋችሁ ወገን የጠራችሁለት፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። እንዴት እንደሞተ አልጠይቃችሁም። ሸሚዙንም መልሱልኝ አልልም። በተለይ አንተን፣ ሽርጥህን ከወገብህ ፈትተህ ሰው በተሰበሰበበት ባሌን የሸፈንክልኝን ወንድሜን ነው የምለምነው። ሽርጥህ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከድሪያው ጎን ተቀምጧል። የአንተ ነውና ና ውሰደው፤ መምጣት ባይሆንልህ ሰው ላክልኝ። ከመሸፈንህ በፊት አይተኸዋል፤ ካንተ በቀር የሚነግረኝ የለም። ቀኝ ክንዱ ላይ ጠባሳው ይታይ ነበር?